ጣርማበር ላይ መስታወቱ ከውስጥ ላበ፣ ቀጥሎ ባትሪው አለቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ሸተተ። ምኑን ነው ያጠፋሁት?

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ነገሬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሒሳብ። መኪና ከገዛሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ኮሮላ ናት፣ የ2005 ሞዴል፣ አውቶማቲክ። በዱባይ በኩል ስለመጣች መጽሐፏ በዐረብኛ ነው። ሻጩ ሲያስረክበኝ «ሁሉም ነገር ይሠራል» አለኝ። አልዋሸም፣ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ የማላውቀው እኔ ነኝ። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ከመሪው በስተቀኝ ያሉትን ቁልፎች በሁለት ነበር የምከፍላቸው፦ ሙቀት የሚሰጠው እና «አትንኪው»።

ነሐሴ 15 ጠዋት እናቴን ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ተነሣሁ። ታናሽ እህቷ እዚያ ናት። ፍልሰታን አብረን እንፍታ ተባብለዋል። ከኋላ የአክስቴ ልጅና ጓደኛው ተሳፈሩ። ሌሊቱን ሲያዘንብ ነው ያደረው። እናቴ በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ስለመጣች ጋቢዋ ርሷል። የልጆቹ ጫማ ጭቃ በጭቃ ነው።

ገና ከከተማ ሳንወጣ እናቴ «መስኮቱን ዝጊልኝ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ» አለች። ዘጋሁ። ማሞቂያውን ወደ ቀዩ አዞርኩት። ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን ያለው ከባድ መኪና ጥቁር ጭስ ለቀቀብን። የአክስቴ ልጅ ከኋላ እጁን ዘርግቶ «ይሄን ተጫኚው፣ ጭሱ አይገባም» ብሎ ከ«አትንኪው»ዎቹ አንዱን ተጫነው። የመኪና ሥዕል ያለበት፣ በሥዕሉ ውስጥ ደግሞ የሚጠማዘዝ ቀስት። እውነትም ጭሱ ጠፋ።

ጉዶ በረት እስክንደርስ እንደ ቤታችን ሞቆን ነበር። እናቴ እንቅልፍ ወስዷታል። ከዚያ ጉሙ መጣ። የጣርማበርን የነሐሴ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ውጪው ነው ብዬ የዝናብ መጥረጊያውን አፈጠንኩት። ምንም። መስታወቱን በጣቴ ስነካው ጣቴ መስመር ሠራ። ለካ ከውስጥ ነው! በእጄ ጠረግሁት። እናቴ ነቅታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያው። ይባስ ብሎ የጠረግንበት ሁሉ ዥጉርጉር ሆኖ የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍበት ጭራሽ አሳወረኝ። አንድ ተሳቢ ክላክሱን ረዘም አድርጎ እየነፋ በጎናችን ሲያልፍ እናቴ ማርያምን ጠራች፣ እኔ ደግሞ ፍሬን ያዝኩ።

ዋሻው ከመድረሱ በፊት ዳር ላይ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ወጣሁ። ጉሙ እስኪገፈፍ እንጠብቅ አልን። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቤንዚን ለምን ይባክናል ብዬ። ሌሎች እንዲያዩን የፊት መብራቱን እንደበራ ተውኩት፣ አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። ማራገቢያውንም አልዘጋሁትም፣ እናቴ እንዳይበርዳት። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየን።

ከዚያ ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ»።

ስድስት እረኞች ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ማንም ሳይጠራቸው መግፋት ጀመሩ። ሃያ ሜትር ያህል እንደሄድን ትልቁ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ካምቢዮውን አየና «እትዬ፣ አውቶማቲክ አይደል እንዴ? ይሄ'ኮ በግፊ አይነሳም» አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

ቀጥሎ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ኬብል ይዞ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ አየት አድርጎ ኬብሉን መልሶ ጠቀለለው። «የኔ 24 ነው፣ ያንቺ 12። ካገናኘሁት ኮምፒውተሯን እጠብስልሻለሁ» አለና መንገድ ላይ ቆሞ አንድ አባዱላ አስቆመልኝ። የአባዱላው ልጅ የባትሪዋን ጫፎች ነቀላቸው፣ ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። ፈግፍጎ መለሳቸው፣ ኬብል አገናኘ፣ ተነሣች። ብር ስሰጣቸው ሁለቱም አልተቀበሉኝም። እናቴ መርቃቸው መርቃቸው ልትጨርስ አልቻለችም።

ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙም ገፈፍ አለ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሣ ነው የወረድኩት። ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል የሆነ ነገር ሸተተኝ። እናቴ ደስ ብሏት «ደረስን መሰለኝ፣ ቆሎ ይሸታል» አለች። ቆሎ አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ መስታወቱ ለምን እንደዚያ ሆነ? አርባ ደቂቃ ብቻ ቆሜ ባትሪው እንዴት ያልቃል? ያ ሽታስ ምንድን ነው? እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዬ ሰዓት ተሳስቷል። ስንነሣ 1፡00 ብሎ ጀመረ። እናቴ ይሄ ነገር በጣም አሳስቧታል።

ቡሎን 14

እህቴ እንኳን ተረፋችሁ። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን። ክረምት በገባ ቁጥር «መስታወቴ ያልበኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። መኪናሽ ምንም አልሆነችም።

የወጥ ድስት ስትከፍቺ ክዳኑ ከሥሩ አይንጠባጠብም? እሱ ነው። አራት ሰው ይተነፍሳል፣ ጋቢው ይተናል፣ ጫማው ይተናል። መስታወቱ ደግሞ ከውጭ በጉሙ ቀዝቅዟል። እንፋሎቱ መጥቶ እሱ ላይ ውሃ ይሆናል። የአክስትሽ ልጅ የተጫነው ቁልፍ የውጭውን አየር ዘግቶ የውስጡን ብቻ ያዞራል። ለጭስና ለአቧራ ግሩም ነው፣ ግን ለሁለት ሦስት ደቂቃ። እናንተ ከከተማው ጫፍ እስከ ጣርማበር የራሳችሁን ትንፋሽ ስታዞሩ ነው የመጣችሁት።

ቀጥሎ የምልሽን ብዙ ሰው አያምነኝም። ኤሲውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ክፈቺው። አዎ፣ በብርድ! ኤሲ ለቆላ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። ኤሲ አየሩን በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ቱቦ መካከል ሲያሳልፈው እርጥበቱ እዚያው ይቀራል። መኪና ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ እሱ ነው፣ ራዲያተር ፈሰሰ ብለሽ አትደንግጪ። የደረቀው አየር ከዚያ በማሞቂያው በኩል አልፎ ሞቆ ይወጣል። ስለዚህ ሙቀቱን ቀዩ ላይ እንዳለ ተይው፣ የኤሲውን ቁልፍ ተጫኚ፣ ያንን የሚጠማዘዝ ቀስት አጥፊው፣ የአየር አቅጣጫውን የፊት መስታወት ሥዕል ወዳለበት አዙሪ፣ ማራገቢያውን ከፍ አድርጊ። ሲጠራ ዐይንሽ ያያል። እናትሽም አይበርዳቸውም።

የኋላ መስታወት ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች አሉ አይደል? እነሱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ውስጥ ሦስት ሞገድ ቀስት ያለበት ቁልፍ ያሞቃቸዋል። ስትወለውዪ በመስመሮቹ አቅጣጫ ወልውዪ፣ በቢላ ምናምን አትፋቂ። ከተበጠሱ ያ መስመር አይሞቅም።

ዥጉርጉሩ ደግሞ ቆሻሻ ነው። መስታወቱን ከውስጥ መቼ ነው ያጠብሽው? ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ቅባት አለ፣ እጅም ቅባት ነው። በሳሙና ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ። በነጠላ አይሆንም። ግን ከታጠበም በኋላ ቅባቱ ቶሎ ከተመለሰና መኪናው ውስጥ የሚጣፍጥ ሽታ ካለ ወደ ጋራዥ ነይ። ማሞቂያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው ማለት ነው።

ባትሪው። አርባ ደቂቃ «ብቻ» አትበዪ። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻቸውን 110 ዋት ይጠጣሉ። ማራገቢያው ላይ ጨምሪበት፣ ፍሬቻውን ጨምሪ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ጫፉ ነጭ ዱቄት ለብሷል ካልሽኝ ደግሞ ዲናሞው ሲሞላው የነበረው በግማሽ ልብ ነው። ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ ሞተር ከጠፋ ሙቀት የለም። ማሞቂያው የሚሞቀው ከሞተሩ በሚመጣው ፍል ውሃ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያለ አየር ይሰጥሻል፣ ከዚያ ለእናትሽ ቀዝቃዛ ንፋስ ስትነፊባቸው ነበር።

ዱቄቱን በፈላ ውሃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ትንሽ ግሪስ ቀቢው። በእጅሽ አትንኪው፣ አሲድ ነው። ባትሪውን በመለኪያ አስለኪ። ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ 14 አካባቢ ካሳየ ሰላም ነሽ።

የአይሱዙውን ሾፌር አመስግኚው። ስንቱ በ24 ቮልት ተጠብሶ በተሳቢ መጥቶልኛል።

ገብስ ተራ

ኤሲ ቤንዚን ይበላል። እኔ ሃያ ዓመት መስኮት ጣት በምታህል ከፈት አድርጌ ነው የምሄደው። መስታወት ላበኝ ብዬም አላውቅ።

ቡሎን 14

ትክክል ነህ፣ መስኮት ይሠራል። ግን አንተ አጠገብህ የሚቀመጠው የገብስ ጆንያ ነው፣ «ዝጋልኝ» አይልህም።

የጠባሴዋ

ቡሎን 14 እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የአክስቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሞከርኩት። ትንሿን ልጇን ከኋላ አስቀምጬ ትልቅ ትርሞስ ፍል ውሃ ከፍቼ ያዢ አልኳት። (ቀስ ብላ ነው የያዘችው፣ አትቆጡኝ።) መስታወቱ ድፍን አለ። ከዚያ እንዳልከኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ከታች፣ በሁለቱ ጥግ በኩል፣ እንደ ጨረቃ ሆኖ ጠራ። ከዚያ ወደ መሃል እየሰፋ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጅቷ «እትዬ ድገሚው» አለች፣ ሦስት ጊዜ ደገምነው። በዐሥራ አንድ ወር ውስጥ አንድም ቀን ያልተጫንኩት ቁልፍ!

የአሰብ መስመር

ልጄ፣ ሽታው ፍሬንሽ ነው።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያንን ቁልቁለት ጭነት ይዤ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወረድኩት አልቆጠርኩትም። አሰብ ወደባችን በነበረበት ጊዜ እንቅልፌን ሳልጠግብ ሌሊት ዋሻው ውስጥ እገባ ነበር። ያኔ ዋሻው ጨለማ ነው፣ ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው ግን አያልቅም። የቆፈረው ጣሊያን ነው። ውስጡ ጭስ ሲሞላ ያቺ የሚጠማዘዝ ቀስት ብትኖረኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። እኛ ጨርቅ ነበር አፍንጫችን ላይ የምናስረው።

ወደ ነገሬ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ይሄን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልያዘው ካልሽ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጨሳል፣ ቀጥሎ ስትረግጪው የሚይዝ ነገር የለም። አንቺ ሽታው ላይ ነው የቆምሽው። ፍሬን ሊለቅሽ ሁለት መታጠፊያ ይሁን ሦስት ይቅርሽ አላውቅም።

የድሮ ሾፌር ሕግ አንድ ናት፦ ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂው። አውቶማቲክም ማርሽ አለው። ከ«ዲ» በታች «2» እና «ኤል» ተጽፎ አታዪም? ለጌጥ አይደሉም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትሽን ቀንሺና ወደ «2» አውርጂው። ሞተሩ ይጮኻል፣ አትደንግጪ፣ እየያዘሽ ነው። አሁንም ከፈጠነብሽ አዝግመሽ ወደ «ኤል»። ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ረግጠሽ ፍጥነቱን ስበሪ፣ ከዚያ ልቀቂው፣ ይተንፍስ። እግር አስደግፎ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። በፎሌ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ መውረድንማ አላነሣውም፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ወርደው ገደል የገቡትን እኔ አውቃለሁ።

ከሸተተሽ ሜዳ ላይ ቁሚ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስሺበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይቱንም አስቀይሪ። ሲያረጅ ውሃ ይጠጣል፣ ሲግል ይፈላል።

ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ዳገት ነው፣ ሞተር ይግላል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ስትሄድ ካየሽ ኤሲውን አጥፊ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። ላብ በላብ ትሆኛለሽ፣ ግን የሞተሩ ሙቀት ወደ አንቺ ይመጣል። ዳር ይዘሽ ቁሚ። የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኪ! አርማኒያ አልፈን ዳገቱ ላይ ረዳቴ ክዳኑን ከፈተው። ልጁ ችኩል ነበር። ውሃው እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ወጣ። ፊቱን ያዳነው ኮፍያው ነው፣ እጁ ግን እስከ ክርኑ ተላጠ። ያን ቀን ጭነቱን ትቼ ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ታፍኖ እንዳይፈላ የያዘው ክዳኑ ነው። ስትከፍቺው ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈላል።

ጉም ላይ ረጅም መብራት አታብሪ፣ መልሶ ዐይንሽ ላይ ነው የሚረጨው። አራቱን ፍሬቻ እየነዱ ማብራትም አይመቸኝም፣ መታጠፍሽን ማን ያውቃል? ስትቆሚ ነው የሚበራው። ስትቆሚ ደግሞ እናትሽን መኪናው ውስጥ አታስቀምጪ። ብርድ ነው አውቃለሁ። ግን በጉም የቆመ መኪና ከኋላ ይመታል። ጋቢያቸውን ደርበው ከመንገዱ ወጣ ብለው ይቀመጡ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኗን ወደ ኋላ ራቅ አድርገሽ አቁሚ፣ በጉም ጊዜ ደግሞ ከወትሮው አርቂ።

የጠባሴዋ

ጋሼ፣ ሁለት መታጠፊያ የሚለውን ሳነብ እግሬ ራደ። እውነት እላለሁ፣ «2» እና «ኤል» ለበረሃ መኪና የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለእሷ ቆሎ እንደሆነ ይቅር።

የአጣዬዋ

እኔ ከታች በኩል ነኝ፣ የእናንተን ጉም አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቆላ ስትወርጂ የመስታወቱ ነገር ሊገለበጥብሽ ይችላል። ኤሲውን ቀዝቃዛ አድርገሽ ፊት መስታወቱ ላይ ስትለቂው፣ ውጪው ሞቃትና ከዝናብ በኋላ ከሆነ፣ ከውጭ በኩል ያልባል። እኔ እንዳንቺ ከውስጥ ስፈገፍግ ነበር። የዝናብ መጥረጊያ ነው የሚጠርገው! አየሩን ወደ ደረት መልሺው።

ሌላው፣ ስኮርታሽን፣ ተጠባባቂ ጎማሽን፣ ነክተሽው ታውቂያለሽ? እኔ አምና ሰንበቴ አለፍ ብዬ ጎማ ፈነዳብኝ፣ ቀትር ላይ። ስኮርታውን ሳወጣ እንደ ሊጥ ተጫነ። ነፋስ የለውም። በባጃጅ ተጭኖ ጎሚስታ ጋ ደርሶ መጣ። አሁን በየወሩ አስነፋዋለሁ።

ስኮርታው መጥቶም አልተገላገልኩም። ቡሎኖቹ እምቢ አሉ። ጎሚስታው በአየር ማሽን ነው ያጠበቃቸው። እኔ ደግሞ መኪናውን በክሪክ አንሥቼው ነበር፣ ስታገል ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል። አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ ቆሞ አየኝና «መጀመሪያ አውርጂው» አለኝ። በቃ። ጎማው መሬት ነክቶ እያለ ቡሎኖቹን ላላ ማድረግ፣ ከዚያ ነው ማንሣት። ቁልፉን አግድም አድርጌ በእግሬ ቆምኩበት፣ «ጭው!» ብሎ ለቀቀ። ስትመልሺ ደግሞ በተርታ አይጠበቅም፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያቀያየርሽ ነው። ክሪኩ ከወረደ በኋላ የመጨረሻውን አጥብቂ።

እና ድንጋዩ! ጎማ ሥር ድንጋይ ታደርጊያለሽ፣ መቼም ግድ ነው፣ የእጅ ፍሬን ብቻ አይታመንም። ግን ስትጨርሺ አንሺው። ሰው ጎማ ቀይሮ ሲሄድ ሦስት ድንጋይና አንድ እቅፍ ቅጠል መሃል መንገድ ላይ ትቶ ይሄዳል። ማታ የሚመጣው ሞተረኛ ምን ይሁን? እኔ ልሄድ ስል ሽማግሌው በበትሩ ድንጋዮቹን እየጠቆመ «የማንን ልጅ ልትገድዪ ነው?» አለኝ። ተመልሼ ወርጄ አነሣሁ።

ቡሎን 14

የአጣዬዋ ልክ ነሽ። የጠባሴዋ፣ ራዲያተርሽ ውስጥ ምን እንዳለም አሳዪኝ። ከዱባይ የመጡት ብዙዎቹ ቧንቧ ውሃ ነው ያለባቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲጥል እዚህ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውሃ በረዶ ከሆነ ብረት ይሰነጥቃል። የራዲያተር ዘይት የሚሉት ባለቀለሙ ፈሳሽ በረዶ መሆኑንም መፍላቱንም ያዘገያል፣ ዝገትም ይከላከላል።

ኬብል ገዝተሽ መኪናሽ ውስጥ አስቀምጪ። ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ባትሪ መደመር ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በደህናው መደመር። ጥቁሩን በደህናው መቀነስ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን በሞተ መኪናሽ ሞተር ላይ ራቅ ያለ ቀለም የሌለው ብረት ላይ። እሳት ብልጭ ካለ ከባትሪው ይራቅ። ስትነቅዪ ወደ ኋላ። የሚረዳሽም ባለ 12 ይሁን።

የጠባሴዋ

ተመልሰን ገባን። ቅዳሜ ነበር የተነሣነው።

ከሸዋ ሮቢት ስንወጣ ሙቀት ነበር፣ ኤሲውን ወደ ደረት አድርጌ። ዳገቱ ላይ መርፌዋን ብቻ እያየሁ ነው የነዳሁት፣ የአክስቴ ልጅ «መንገዱንም እይው» እስኪለኝ። መርፌዋ መሃል ላይ ቆማ ቀረች፣ አልተነቃነቀችም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተረባርበው እናቴ ከአራቱም እኩል ገዛች፣ እንዳይጣሉ ብላ። አሁን እንኳ ከወንበሩ ሥር ሽምብራ ይገኛል።

ጣርማበር ጉሙ እዚያው ነበር። የሚጠማዘዘውን ቀስት አጠፋሁ፣ ኤሲውን ተጫንኩ፣ ሙቀቱን ወደ ቀይ። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነበር። እናቴ ትንሽ ቆይታ «ይሄ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለች። ልታማርር ነገር አታጣም። ያኔ የቆምንበት ቦታ ጋ ስንደርስ እረኞቹን ፈለግኳቸው። ትልቁን ልጅ አገኘሁት። አንድ ስኒ ቆሎ ሰጠሁት። እሱ ግን ቆሎውን ሳያይ ካምቢዮዬን አየና «አሁንም አልቀየርሽውም?» አለኝ።

ሰኞ ቡሎን 14 ያላችሁት ሰው ጋ ጋራዥ ሄድኩ። ባትሪው 12.1 አሳየ። ሊሞት ነው አለኝ፣ ቀየርኩት። የፍሬን ሸራውም ግማሹ ሄዷል።

ሰዓቱን ግን ማንም አልመለሰልኝም! ባትሪው ሲቀየር እንደገና 1፡00 ሆነ። እናቴ ትላንት ከምሳ በኋላ ገብታ «ይቺ መኪና አሁንም አንድ ሰዓት ናት?» አለችኝ።

ገብስ ተራ

ሰዓቱ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ቁልፍ አለ። «ኤች» ሰዓት ነው፣ «ኤም» ደቂቃ። ባትሪ ሲነቀል ሁሌ ወደ አንድ ይመለሳል።

የጠባሴዋ

አገኘሁት! «ኤች»ን እየተጫንኩ የፈረንጁ ሰዓት ላይ ላቆመው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «በእኛ አድርጊው» አለች። በእኛ አደረግሁት። አሁን የመኪናዬ ሰዓትና የሚካኤል ደወል እኩል ናቸው።